የሙያ ዕድገታችን ከማህደሩ ወደ ሥራው ይመለስ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉ የሰሜን ሸዋ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች የሚሠሩ ወጣት መምህራን፣ ነርሶች፣ የግብርና ባለሙያዎችና የቢሮ ሠራተኞች ስለ ሙያቸው ዕድገት ሲነጋገሩ አዘውትሬ የምሰማው ስለ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ስለ ዝውውርና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፈው የደረጃ ዕድገት ውድድር ነው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ኑሮው በከበደበት በዚህ ጊዜ እነዚህን በማንሣቱ ሊወቀስ የሚገባው ሰው የለም። ሆኖም አንድ ባለሙያ ባለፈው ሳምንት የሠራውን መለስ ብሎ ተመልክቶ በመጪው ሳምንት ምን እንደሚለውጥ ሲናገር የምሰማው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ጋዜጣችሁ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት ጥራት የሚያወጣቸውን ጽሑፎች የሚከታተሉ አንባብያን ይህን ክፍተት እንዲያስቡበት ስለምፈልግ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በመንዝ ደጋ በሚገኙ፣ ጉድኝት ተብለው በአንድነት በተደራጁ አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሱፐርቫይዘርነት እሠራለሁ፤ ከዚያ በፊትም በመምህርነት ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ካየሁት በመነሣት የማምነው፣ ሰው በሙያው የሚያድገው በመሥራትና የሠራውን በሐቀኝነት በመመርመር መካከል ሳያቋርጥ ሲመላለስ መሆኑን ነው። ይህ ምርመራ ደግሞ ነጥብ በሚሰጥበት ቦታ አይበቅልም። የትምህርት ቢሮዎቻችንም ሆኑ ሌሎች መሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ እስካሁን በቅጡ የተረዱት አይመስለኝም።

በወረቀት ላይ ያለው አሠራር መጥፎ አይደለም። በተለምዶ ተሙማ ብለን የምንጠራው የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ይጠይቃል። መምህሩ በመጀመሪያ ጉድለቱን ይለያል፣ ከዚያ ያቅዳል፣ ያቀደውን ይተገብራል፣ በመጨረሻም የተገበረውን ገምግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። አዲስ የተመደበ መምህርም ለሁለት ዓመት ልምድ ያለው አማካሪ መምህር ተመድቦለት የሙያ ትውውቅ እንዲያደርግ ተደንግጓል። 60 ሰዓት ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት የትምህርት ሳምንታት ቢከፋፈል በሳምንት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ይህ ማንንም የማይከብድ፣ በአግባቡ ቢሠራበት ግን ጀማሪውን መምህር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላ ሰው ሊያደርገው የሚችል ጊዜ ነው።

በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የዓመቱ ዕቅድ በመስከረም ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም ያለፈው ዓመት ዕቅድ ቀኑ ብቻ ተለውጦ ይገለበጣል። ማህደረ ተግባሩ፣ ማለትም የመምህሩ የሙያ ማሻሻያ ማስረጃ የሚሰበሰብበት ፋይል፣ በቃለ ጉባኤ፣ በፎቶ ኮፒና በማኅተም ይወፍራል፤ ሱፐርቫይዘር ወይም ኢንስፔክሽን ሲመጣ ከሳጥን ወጥቶ ይታያል፣ ተመልሶም ይቆለፋል። በ‹‹የተለየ የሙያ ክፍተት›› ዓምድ ሥር የሚጻፉት ዐረፍተ ነገሮች ከመምህር መምህር፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ልዩነት የላቸውም፤ ‹‹አሳታፊ የማስተማር ዘዴን በበቂ ሁኔታ አለመጠቀም›› የሚለውን ሐረግ ያላነበብኩበት ማህደር ጥቂት ነው። መምህራኑ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም እንዲህ የሚጽፉት። ድክመቱን ዘርዝሮ የጻፈ ሰው በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነጥብ ሊቀነስበት፣ በደረጃ ዕድገቱም ወደ ኋላ ሊቀር እንደሚችል ያውቃሉና ማንንም የማይጎዳ፣ ማንንም የማይጠቅም ዐረፍተ ነገር ይመርጣሉ። በግምገማ ስብሰባዎቻችን ላይ የሚሰማው ግለ ሂስም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰው በአለቃውና በባልደረቦቹ ፊት፣ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ፣ በእርግጥ የሚያሳስበውን ሳይሆን ቀለል ብሎ የሚያልፍለትን ድክመት ይናገራል። በዚህ ዓይነት ለዓመታት የኖረ ባለሙያ ራስን መመርመር ማለት ለሌሎች የሚቀርብ ሪፖርት እንደሆነ አድርጎ ይለምዳል፤ ብቻውን ሲሆንም ማድረጉን ይተወዋል። ትልቁ ጉዳታችን ይህ ይመስለኛል።

እውነተኛው ምርመራ ምን እንደሚመስል ለማሳየት በአካባቢያችን ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች በአንዱ አራተኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምር አንዲት መምህርትን በምሳሌነት ላንሣ። ባለ ሦስት አኀዝ ቁጥሮችን መቀነስ አስተምራ ስታበቃ ከ402 ላይ 178 ቀንሱ የሚል ጥያቄ ሰጠች። መልሱ 224 ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ግን ሳቱት። በእንዲህ ያለ ጊዜ አብዛኞቻችን የምንለው ‹‹ልጆቹ ትኩረት አይሰጡም›› ወይም ‹‹ከታች ክፍል መሠረት ይዘው አልመጡም›› ነው። እርሷ ግን ስንት ልጅ እንደሳተ ከመቁጠር ይልቅ፣ ማታ ደብተሮቹን ስታርም የተሳሳቱትን መልሶች አንድ በአንድ በራሷ ማስታወሻ ላይ ገለበጠች። ያኔ 376 የሚለው መልስ እየደጋገመ መጣ። ልጆቹ ከ4 ላይ 1 ሲቀንሱ 3 አገኙ፤ ከ0 ላይ 7 መቀነስ ባይሆንላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 0 ቀነሱ፤ ከ2 ላይም 8 አልቀነስ ሲላቸው ከ8 ላይ 2 አንሥተው 6 ጻፉ። እንግዲህ ልጆቹ ያለ ሐሳብ አልሠሩም፤ በእያንዳንዱ ዓምድ ትንሹን ቁጥር ከትልቁ መቀነስ የሚል የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ ያንንም ሕግ ሳያዛንፉ ተከትለውታል።

በማግሥቱ ቀጫጭን እንጨቶችን በአሥር በአሥር አስራ፣ አሥሩን እስር ደግሞ አንድ ላይ አስራ መቶ አድርጋ ይዛ ገባች። ልጆቹ አንዱን መቶ ፈትተው አሥር እስር አገኙ፤ ከእነዚያም አንዱን ፈትተው አሥር ነጠላ እንጨት አገኙ። በእጃቸው 3 መቶ፣ 9 አሥርና 12 ነጠላ ሲቀር መቀነሱ አስቸጋሪ አልሆነም። ይህ ሥራ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ዘዴ አገኘች ብለን በተሙማ ሪፖርት ላይ ጽፈን እናልፈው ነበር። ነገር ግን በሳምንቱ መጨረሻ ማስታወሻዋን ስታየው፣ በእንጨት በትክክል የሠሩ አንዳንድ ልጆች በወረቀት ላይ ሲሠሩ ተመልሰው 376 ዓይነት መልስ እንደሚጽፉ አስተዋለች። ከእንጨቱ ወደ ወረቀቱ በአንድ ጊዜ ዘልላ እንደነበር ገባት። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ እንጨቱን በፈቱ ቁጥር የፈቱትን ወዲያው በደብተራቸው እንዲጽፉ አደረገች፤ በዚህም ጊዜ ገና ያልገባቸው ልጆች ማን ማን እንደሆኑ ለየች። ሥራ፣ ምርመራ፣ እንደገና ሥራ፣ እንደገና ምርመራ ማለት ይህ ነው። ያን ማስታወሻ እኔ ያየሁት ፈቅዳ ስላሳየችኝ ብቻ ነው፤ ከማህደረ ተግባሯ ውስጥ አልነበረም። በማህደሩ ውስጥ ያለው ‹‹አሳታፊ የማስተማር ዘዴ›› የሚለው ነው።

ይህች መምህርት ዛሬ የትምህርት ክፍሏ ተጠሪ ናት፤ አዳዲስ መምህራንም ወደ ክፍሏ እየገቡ ስታስተምር ይመለከታሉ። ኃላፊነቱ የመጣላት ለውድድር ብላ ባሰባሰበችው ወረቀት አይደለም። ባልደረቦቿ በሒሳብ ትምህርት ሲቸገሩ ‹‹እስቲ እርሷን እንጠይቃት›› ማለት ስለ ጀመሩ፣ ርእሰ መምህሩም ይህን ስላየ ነው። በቃለ መጠይቅ ስለ ልምዷ ስትጠየቅ የምትናገረው አላት፤ የትኛውን ልጅ ምን እንዳስቸገረው፣ ምን ሞክራ ምን እንዳልሠራላት፣ ቀጥሎ ምን እንዳደረገች ትናገራለች። አሥር ዓመት ሠርቻለሁ የሚል ሰው አንዱን ዓመት አሥር ጊዜ ደግሞት እንደሆነ ወይም በእርግጥ አሥር ዓመት ተምሮበት እንደሆነ የሚለየው በእንዲህ ያለው ንግግር ነው።

ይህ አካሄድ ከውጭ የመጣብን አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ያለፉ አባቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ተማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይዞ ይጀምራል፤ በዘአምላኪየ፣ በሚ በዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። በየቀኑ ከጓደኞቹ ፈቀቅ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል፤ የቆጠረውን ለየኔታ ያቀርባል፤ የኔታም ምሥጢሩ የጎደለበትን፣ ቤቱ ያልመታለትን፣ አገባቡ የተበላሸበትን እያሳዩ ያርሙታል። አንባቢ እዚህ ላይ፣ ‹‹ይህማ በጓደኞቹ ፊት የሚደረግ እርማት ነው፤ አንተ ደግሞ ምርመራ ነጥብ በሚሰጥበት ቦታ አይበቅልም ብለሃል›› ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም እርማቱ ለምን ጥቅም ይውላል በሚለው ላይ ነው። የቅኔ ተማሪ ዛሬ የተበላሸበት ቅኔ በመዝገብ ሰፍሮ ነገ አይጠየቅበትም። ከእርሱ የሚጠበቀው የነገው ቅኔ ነው፤ እርማቱም ለዚያ ስንቅ ይሆነዋል። እኛ ያጣነው ይህን ነው፤ የእኛ እርማት ወደ ነገው ክፍለ ጊዜ ሳይሆን ወደ ዓመቱ መጨረሻ ውጤት ይሄዳል።

ከአካባቢያችን ልጆች አንዱ የሆኑት የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የሙያ ጉዞም በዚህ ረገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በአንኮበር ተወልደው ገና በወጣትነታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ፤ እዚያ ግን ዝንባሌያቸው ተስተውሎ ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ተዛወሩ። ተምረው ሲመለሱ በቢሮ ሹመት ከመቀመጥ ይልቅ በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞሩ የአገራቸውን ሕዝብ ታሪክና ባህል ሲያጠኑ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው ለእኔ ትልቁ ትምህርት፤ ስም ካገኙ በኋላ ተመልሰው ወደ አውሮፓ ሄዱ፣ የባለ ቀለም መስታወት ሥራን ተማሩ፣ በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን ሥዕሎች አጠኑ። በአፍሪካ አዳራሽ የምናየው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕል ከዚህ ሁሉ ዝግጅት በኋላ የመጣ ነው። አንድ ዐውደ ርእይ ያሳየ ሰው ‹‹በቃኝ፣ ደረስኩ›› ቢል ኖሮ ያ መስታወት ባልኖረም ነበር።

የምናገረው ስለ መምህራንና ስለ ሠዓልያን ብቻ አይደለም። የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ሥልጠናውን ተቀምጦ መጨረስና ትናንት በተረኝነት ላይ ያጋጠመውን ከሥልጠናው ጋር አስተያይቶ ማሰብ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ከሚሠሩ ብዙ ወጣቶች መካከልም፣ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ለምን እንደቆመ መዝግቦ የሚይዘውና ፈረቃው እስኪያልቅ ብቻ የሚጠብቀው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ ቦታ አይገኙም።

የመንዝ አርሶ አደሮች ያደረጉት ደግሞ ከሁሉም ያስደንቀኛል። ቀድሞ ቶሎ የሚያድገው ወንድ ጠቦት ቶሎ ለገበያ ስለሚደርስ ቀድሞ ይሸጥ ነበር፤ ለዘር የሚቀረውም ዘግይቶ ያደገው ነበር። እንዲህ እየሆነ መንጋው ከዓመት ዓመት ሲደክም የሚታየው ችግር ግጦሽና በሽታ ብቻ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ከምርምር ተቋማት ጋር ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሲጀመር ግን፣ ጠቦቱ ሲወለድ የነበረውን ክብደት፣ ጡት ሲጥልና ስድስት ወር ሲሞላው የደረሰበትን ክብደት መመዝገብ ተጀመረ፤ በመዝገቡ መሠረትም የተሻሉት አውራዎች በጋራ ተመርጠው ለዘር እንዲቀሩ ተደረገ። በጎቹም ገበሬዎቹም ያው የነበሩት ናቸው፤ የተጨመረው የሠሩትን ጽፎ ይዞ መመልከትና በተመለከቱት ላይ ውሳኔ መስጠት ነው። እኛ ደመወዝተኞች ከሥራችን መካከል የተሻለውን ለዘር የምናስቀርበት መዝገብ የለንም።

የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ በየትምህርት ቤቱ ስሄድ በግልጽ ይነግሩኛል። ‹‹ደመወዛችን ወር አያደርሰንም፣ ምን ማስታወሻ ትለናለህ?›› ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ራስን መመርመር የደመወዝ ጥያቄን አይመልስም፤ ማንም ኃላፊ ይህን ደብዳቤ ጠቅሶ የመምህራንን ጥያቄ ወደ ጎን እንዲያደርግ አልፈልግም። ከዚህም በላይ በዞናችን ባለፉት ዓመታት የደረሰው ግጭት ያስከተለውን ጉዳት ሁላችንም እናውቃለን፤ በ2013 ዓ.ም የአጣዬ ከተማ ስትወድም፣ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ጋር ሲፈናቀሉ አይተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ሙያ ዕድገት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው አይፈረድበትም። እኔ የማየው ግን ትምህርት ተቋርጦ ሲመለስ ልጆቹ ከየት እንደጀመሩና የት እንደቆሙ በጽሑፍ የያዘው መምህር ሥራውን ካቆመበት ሲቀጥል፣ ያልያዘው ደግሞ ሲቸገር ነው። ስለዚህ በችግር ጊዜ የባሰ አስፈላጊ ይሆናል እንጂ አይቀርም እላለሁ።

ማስታወሻ አያያዙን በተመለከተ ከልምዴ ጥቂት ልጨምር። ረጅም መጻፍ አያስፈልግም፤ በቀን አምስት መሥመር ይበቃል። የሚጻፈውም ስሜትና ፍርድ ሳይሆን የታየው ነገር ቢሆን ይሻላል፤ ‹‹ክፍሉ ዛሬ መጥፎ ነበር›› ከማለት ‹‹ጥያቄዬን የመለሱት ከፊት የተቀመጡት ብቻ ናቸው›› ማለት ነገ የሚሠራ ነገር ይሰጣል። እያንዳንዱ ማስታወሻ በአንድ ነገ በሚሞከር ትንሽ ነገር ካልተዘጋ፣ ምርመራው ቀስ በቀስ ራስን መውቀስና መብሰልሰል ይሆናል፤ ይህም ባለሙያውን ከማሳደግ ይልቅ ያደክመዋል። የተሳካ ሥራም ሊመረመር ይገባል። ዛሬ ለምን እንደተሳካለት ያልጠየቀ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይደግመውም፤ ይህን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። ከሁሉም በላይ ግን ማስታወሻውን በየሁለት ሳምንቱ ተመልሶ የማንበብ ልማድ ያስፈልጋል። ተጽፎ ያልተነበበ ማስታወሻ ከዚያ ከሳጥኑ ማህደር ብዙም አይሻልም።

ለወረዳና ለዞን ትምህርት ኃላፊዎች የማቀርበው ሐሳብ አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ከ60ው ሰዓት ውስጥ በሳምንት አንዱ ሰዓት ሁለት ሁለት መምህራን ተቀምጠው ማስታወሻቸውን የሚያወሩበት፣ ማንም የማይመዘግበው፣ ፊርማና ቃለ ጉባኤ የማይጠየቅበት ጊዜ ይሁን። እኛ ሱፐርቫይዘሮችም በመጀመሪያው የክፍል ምልከታ ነጥብ መስጠት እንተው፤ መምህሩን ‹‹ምን እንድመለከትልህ ትፈልጋለህ?›› ብለን ጠይቀን እርሱን ብቻ እንመልከትለት። በደረጃ ዕድገት ጊዜም ተወዳዳሪው የማህደሩን ውፍረት ሳይሆን ባለፈው ዓመት በሥራው ላይ የለወጠውን አንድ ነገር፣ ለምን እንደለወጠውና ምን እንዳስገኘለት በራሱ ቃል እንዲያስረዳ ይደረግ። ይህን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መናገር የሚችልና የማይችል ሰው ለመዛኞቹ ወዲያው ይታወቃቸዋል። በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ያሉ የሰው ሀብት ኃላፊዎችም ይህንኑ ለየራሳቸው ሥራ አመቻችተው ሊሞክሩት ይችላሉ።

በእኛ ጉድኝት ካሉት ርእሳነ መምህራን አንዳንዶቹ ይህን ሐሳብ ተቀብለው ከመጪው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ከፈቃደኛ መምህራን ጋር ለመጀመር ተስማምተናል። ሌሎች ወረዳዎች ወይም ሌሎች ዞኖች ከዚህ ቀደም ሞክረውት ያዩት ነገር ካለ፣ በተለይም መምህራኑ ያለ ተቆጣጣሪ ሰዓቱን በአግባቡ ተጠቅመውበት እንደሆነና ምን እንዳስቸገራቸው በዚህ ጋዜጣ ላይ ቢጽፉልን እንጠቀምበታለን፤ እኛም የደረስንበትን በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ እንጽፋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር፣ ከመንዝ፣ ሰሜን ሸዋ